ግራሶ የዋጠው ሽጉጥ

ሽጉጡ በሰም ወረቀት እንደተጠቀለለ ነበር። ወረቀቱ ሲገለጥ ብረት አይታይም፤ እንደ ቆየ ማር የረጋ ቡናማ ግራሶ ብቻ ነው። የዩጎዝላቪያ ሠራዊት ስንት ዘመን መጋዘን ያስቀመጠው መሣሪያ ነው። ከከተማው ጠመንጃ ሻጭ ሲረከበው ኦርቪል ፕሩት ፊቱ በርቶ ነበር።

ኦርቪል ዕድሜውን ሙሉ ኦሃዮ ውስጥ የተማሪ አውቶብስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደስታው አሮጌ ሽጉጥ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ መፈታታት፣ ግራሶውን አጥቦ እንደ አዲስ ማድረግ ሆኗል። ሚስቱ ዶሪን ይሄን ነገሩን አትወድለትም። "የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በመጡ ቁጥር ቤቱ ነዳጅ ማደያ ነዳጅ ማደያ ይሸታል" ትላለች።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣ አነጠፈ፤ ጣሳ ውስጥ ነጭ ጋዝ ቀዳ፤ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አየና መፍታት ጀመረ። ትልልቆቹ ብረቶች አላስቸገሩትም። ትንንሾቹ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ። ጥይቱን የምትመታዋን መርፌ ሊያወጣ ሲታገል መፍቻው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሳው። ደግሞ ወደቀ።

ዶሪን ከወጥ ቤት ሰምታ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

"ምንድን ነው የምትጥለው?"

"ምንም። እያረፍኩ ነው።"

"እረፍትህ እንዲህ ካንኳኳ ሥራህማ ቤቱን ያፈርሰዋል።"

ኦርቪል መፍቻውን እንደገና ከወለሉ አነሳ። እሷም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና መፍቻውን ከእጁ ወሰደች።

"የቱን ነው?"

"ተይው ባክሽ፣ ልብስሽ ይበላሻል።"

"ልብሴን የማጥበው እኔ ነኝ። የቱን?"

በጣቱ አሳያት። ስትገፋው መርፌዋ ከነሞላዋ ወጣች። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ግራሶ ደርቋል። ይሄ ሳይጸዳ ከቀረ መርፌዋ ተቀርቅራ ሽጉጡ ምላጩ ሳይሳብ ሊተኩስ እንደሚችል ኦርቪል ነገራት። ዶሪን ይህን ስትሰማ ሥራውን የራሷ አደረገችው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አመጣች፤ ውሃ አፈላች፤ ፈተገች፤ አለቀለቀች። ከቡናማው ጭቃ ሥር ለስላሳ ጥቁር ብረት ብቅ ሲል፣

"እንዴ! ይሄማ ቆንጆ ነው" አለችና ወዲያው አፏን ያዘች።

"ሰምቻለሁ" አለ ኦርቪል እየሳቀ።

"ምንም አልሰማህም።"

ሁሉም ታጥቦ ጨርቅ ላይ ሲደረደር ዶሪን ትንሿን ሞላ አንስታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

"ምን ልታደርጊባት ነው?"

"እጅህን እንዲህ ካደረገህ ስንት ጊዜው ነው?"

ኦርቪል ጋዜጣው ላይ አቀረቀረ። "ትንሽ ቆይቷል።"

"ባለፈው ለምርመራ ሐኪም ቤት ሄድኩ ብለኸኝ አልነበር?"

"መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄጄ ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መግባቱን ፈራሁት፣ ዶሪ።"

ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን በግራሶ የተለወሰ እጇን እጁ ላይ አሳረፈች።

"እንግዲያው አብረን እንገባለን። እስከዚያ ሞላዋ እኔ ጋ ናት።"

"አግቼብሃለሁ በይኛ!"

"አዎ። አሁን እጅህን ስጠኝ።"

በሳምንቱ አብረው ገቡ። ሐኪሟ ፓርኪንሰን ነው አለቻቸው፤ የማይድን፣ ግን በመድኃኒት ለብዙ ዓመት ሊያዝ የሚችል። ኦርቪል ሌሊት ሌሊት ሲፈራው የነበረው ስም ይኸው ነበር። ከሰው አፍ ሲሰማው ግን ደረቱ ላይ የተጫነበት ነገር ቀለል አለው። መኪና ውስጥ ገብተው ጥቂት እንደተጓዙ ኦርቪል፣

"ራበኝ" አለ። ዶሪን ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሃምበርገር ቤት አቆመች።

ማታውኑ ሽጉጡን ገጠሙት። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትገጥማለች። አንዴ ብረቱን ገልብጣ ስታስገባ "ዝም ብዬ ልይሽ ወይስ ልንገርሽ?" አላት፤ እሷም "ዝም ብለህ ንገረኝ" አለችው።

ቅዳሜ ከቤታቸው ጀርባ ካለው የአፈር ጉብታ ፊት ባዶ ጣሳዎች ደረደሩ። መጀመሪያ ዶሪን ተኮሰች፤ ጉብታውን መታች። ደገመች፤ ያው ጉብታውን። ሦስተኛው ላይ አንዱ ጣሳ እየተሽከረከረ ሄደ። ኦርቪል ከማጨብጨቡ ብዛት ሳር ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"በቃ፣ አሁን ተራዬን ስጪኝ" አላት።

"ቆይ እስቲ" አለች ዶሪን ዓይኗን ከጣሳዎቹ ሳታነሳ። "ጥይት አቀብለኝ።"