ጋይድ ምን ያደርጋል

«ጋይድ ምን ያደርጋል? እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» ያልኩት እኔ ነኝ። በዚሁ አፌ።

አርቤጎና ከመኪና ወርደን፣ ሮቢ «የአገሩን ሰው ይዘን እንውጣ፣ ጫካው ያስፈራል» ሲል ነው። ሮቢ ጎረቤታችን ነው፤ ድንኳኑንም ሻንጣውንም የተዋሰልን እሱ ነው። ሦስተኛዋ ሙንተሃ ናት፣ የክፍሌ ልጅ፤ አባቷ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ሁለቱም አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ? በየፊቼው፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በባህል ልብስ አሸብርቄ የምለቀውን ፎቶ ላይክ ሲያደርጉ ነው የኖሩት። አባቴ ሲዳማ ነው፣ ቤት ግን የምናወራው አማርኛ ነው። ከሲዳምኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ። እሱን ግን አሳምሬ ነው የምለው!

ልናየው ወደመጣነው ፏፏቴ ስንሄድ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ አንዲት እማማ የእንሰት ቅጠል ተሸክመው መጡ። ሙንተሃ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮባት ከኋላ ቀርታለች። እኔ ሰላምታዬን አቀለጥኩት። እማማ ደስ ብሏቸው ሸክማቸውን አወረዱና የሆነ ረጅም ነገር አወሩኝ፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ ተራራውን እያሳዩ።

«እሺ፣ እሺ» አልኩ።

ደገሙልኝ። አሁንም እሺ።

«ምን አሉ?» አለ ሮቢ።

«በቀርከሃው ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ውጡ።»

ሙንተሃ ስትደርስብን ወጣን። መንገድ አይባልም እኮ! ቀርከሃው ከላያችን ገጥሞ ሰማይ የለም። ሮቢ ገፍቶ ያልፋል፣ የገፋው ተመልሶ እኔን ይገርፈኛል። ሳማው እጄን ለበለበኝ። ከዛ ዝናቡ ለቀቀው፣ ሮቢም ተንሸራቶ ከነሻንጣው ተንከባለለ። ጉልበቱ ተላጠ።

«እርግጠኛ ነሽ ግን?»

«ቀጥ በሉ ነው ያሉት አልኩህ!» ጭራሽ ተቆጣሁት።

መጨረሻችን ገደል ሆነ። ተመለስን፣ ሮቢ እያነከሰ።

እማማ መንገዱ የሚከፈልበት ጋ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ። ሲያዩን ደነገጡ። ወደ እኔ መጥተው ያንኑ የጠዋቱን አሉኝ፤ ከድምፁ ለየሁት። «እሺ» ልል አፌን ስከፍት ሙንተሃ በሲዳምኛ መለሰችላቸው። ቅልጥፍ አድርጋ! ለካ አባቷ ሱቅ ውስጥ ለሲዳማ ገበያተኛ ስትሸጥ ነው ያደገችው።

«ምን አሉሽ?» አላት ሮቢ።

አየችኝ። ልትደብቅልኝ ፈልጋ ነበር መሰለኝ።

«'ጠዋት የማን ልጅ ነሽ ስላት እሺ አለችኝ። አገርሽ በዚህ በኩል ነው ወይ ስላትም እሺ አለችኝ' ነው የሚሉት።»

ሮቢ ቢስቅብኝ በስንት ጣዕሙ። ጉልበቱን አየና «ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ አይደል?» ብቻ አለ።

እማማ ቁስሉን አጥበውለት ቆጮ አቀረቡልን። ትልቁን ቆርሰው ለእኔ! ጎሳዬን በሙንተሃ በኩል ሲጠይቁኝ እሱንም አላውቅም። «አባቴ በርናባስ ይባላል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ልንሄድ ስንል እጄን ይዘው የሆነ ነገር አሉኝ። ሮቢም ሙንተሃም እኔን ያዩኛል። «እሺ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች።

«አልገባኝም» አልኩ። «ሙንተሃ፣ ምን አሉኝ?»

«ለፊቼ ነይ፣ አባትሽንም ይዘሽ ነይ።»

«እመጣለሁ እንዴት ነው የሚባለው?» አልኳት በጆሮዋ።

ነገረችኝ። ሮቢ እየሰማ ለእማማ አልኩት፣ ተሳሳትኩ። እማማ አረሙኝ። ፊቴ እየነደደ እንደገና አልኩት።