የዌንዴል እጅ በጥቁሩ መስታወት ላይ

ያልተሠራ ዕቃ እንዴት ይሸጣል የሚል ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ፤ የምኖረው በሱ ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ ባለ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ፣ ገና ያልተወለደውን እንደ ተወለደ አድርጌ በቪዲዮ አሳያለሁ። ተዋናዩ ባዶ መስታወት ይነካል። ከጣቱ ሥር የሚፈልቀውን ቀለም፣ የሚከፈተውን ሥዕል በኋላ ኮምፒዩተሬ ላይ ቁጭ ብዬ የምጨምረው እኔ ነኝ። ተመልካቹ “ወይ ጉድ!” ይላል፤ ከዚያ ምስኪኖቹ መሐንዲሶች ውሸቴን እውነት እንዲያደርጉት ይታዘዛሉ።

ይህ ታሪክ ሲጀምር ስልክን በጣት መነካካት ገና አዲስ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንታችን ብራይስ አንድ ቀን ሰብስቦን፣ “የኮምፒዩተር ማውስ የሚባለው ነገር ሙዚየም ሊገባ ነው። ሠዓሊ በጣቱ መስታወት ላይ ሲስል አሳዩኝ” አለን። ለእጁ ማንን እንምረጥ ብሎ የተከራከረ አልነበረም፤ ዌንዴል እያለ ሌላ እጅ አይፈለግም።

ዌንዴል ስድሳን የተጠጋ የኩባንያው ሠዓሊ ነው። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር መድረክ ላይ ወጥቶ የሚስለው እሱ ነበር፤ የሚስለውም ምንጊዜም የሚስቱን የኮሊንን ፊት ነው፣ ከጎን። ከግንባሯ እስከ አገጯ እጁን ሳያነሳ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ኮሊን የደም ካንሰር ይዟታል። የሕክምናዋን ወጪ የሚችለው ከባሏ ሥራ ጋር የመጣው ኢንሹራንስ ነው። በኛ አገር ባል ሥራውን ካጣ ሚስትም ሐኪሟን ታጣለች።

ቀረጻው ለቀኑ በተከራየነው መጋዘን ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር መስታወት ተቀምጧል፤ ሌላ ምንም የለም። ዳይሬክተሩ ካይል ከካሜራው ኋላ ሆኖ የሌለውን ነገር ይጠራል።

“አሁን መስመሩ ጣትህን ተከተለ… አሁን ቀለሙ ተከፈተ… ኧረ ተደነቅ!”

“በምኑ ልደነቅ?” አለ ዌንዴል። “የሚታየኝ የራሴ መልክ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጠግቤዋለሁ።”

ሁላችንም ሳቅን።

በማግስቱ ምስሉን አጉልቼ ሳየው ሳቄ ጠፋ። ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ነው፤ ግን አንዴ ካዩት በኋላ ዓይን ሌላ ነገር አያይም። ጠራሁትና በሩን ዘጋሁ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከገና ወዲህ።”

“ሐኪም ምን አለህ?”

“አበድሽ እንዴ ሮንዳ? ሐኪም ካየው ስም ያወጣለታል። ስም ከወጣለት ብራይስ ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። እጁ የከዳውን ሠዓሊ ምን ሊያደርጉት ያስቀምጡታል? ለኮሊን ሕክምናው ገና መሥራት መጀመሩ ነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አጥፊልኝ።”

“ምኑን?”

“መንቀጥቀጡን ነዋ! የሌለውን ስትጨምሪ ትውያለሽ፤ ያለውን ማጥፋት ያቅትሻል?”

አላቃተኝም። እያንዳንዷን ምስል እያቆምኩ ጣቱን አረጋጋሁለት፤ ከሥሩም እንደ ክር የተወጠረ መስመር አሰመርኩ። ከዌንዴል የጠራ ዌንዴል ሠራሁ፤ ኮራሁበትም።

ቪዲዮው በኢንተርኔት ተበተነ። ብራይስ “እንዴት ያለ እጅ ነው!” እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። መሐንዲሶቹም ትእዛዝ ተሰጣቸው፤ ቪዲዮው ላይ ያለው እንዳለ ይሠራ ተባለ። የመጀመሪያ ሙከራቸው ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አለቃቸው ሱሬሽ ቡሪቶውን እየገመጠ፣

“ያ ሰውዬሽ ጠላታችን ነው” አለኝ። “ቪዲዮውን እያቆምን ለካነው። መስመሩ ውስጥ ቅንጣት መንቀጥቀጥ የለም፤ ሰው እንዲህ አያሰምርም። አሁን የማንንም እጅ ቀጥ የሚያደርግ ማስተካከያ እየሠራን ነው፣ እሱን ለመድረስ።”

ምን ልበለው? እውነቱን ብነግረው ዌንዴልን መሸጥ ነው።

በዓመቱ ሠሩት። የኩባንያው ሰው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ዌንዴልም እንደ ወትሮው መድረክ ላይ ተጠራ። በዚያን ጊዜ እጁ ብሶበት ሾርባ በማንኪያ መጠጣት ትቶ ነበር። አሁን አለቀለት ብዬ ወንበሬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ ከኋላው በትልቁ ስክሪን ላይ የኮሊን ፊት ወረደ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጠርቶ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እፎይ አልኩ። እሱ ግን ሥዕሉን ያየው መንገድ ላይ ሰላም ያለውን የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነበር።

“ይሄ የኔ አይደለም” አለ።

“ቅናት ነው!” አለ ብራይስ እየሳቀ። “ዞር በል እስቲ ሽማግሌው።” ቡናውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ውሻ ሳለ። የአራት ዓመት ልጅ የሚስለው ዓይነት ውሻ ነው፤ መስመሩ ግን የዌንዴል መስመር ነበር። “አያችሁ? ከእንግዲህ እጅ የሚሉት ነገር ቀርቷል!”

ዌንዴል ወደ ሱሬሽ ዞረ። “ማስተካከያውን አጥፋልኝ።”

“ኧረ ተው ዌንዴል…”

“አጥፋው አልኩህ እኮ!”

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ “ተው” ለማለት ራሴን ነቀነቅኩለት፤ አላየኝም ወይም አላየሁም አለ። ሱሬሽ አጠፋው፤ ዌንዴልም ሳለ። ግንባሯ እየተንቀጠቀጠ ወረደ፤ አፍንጫዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አገጯ ሳሳ። እንደ ወትሮው የሚስላት ወጣቷ ኮሊን አልነበረችም፤ ያን ቀን ጠዋት ቤቱ ትቷት የመጣት፣ ጠጉሯ ያለቀው ኮሊን ነበረች። እንዲህ ያለ ሥዕል ከዚያ ኩባንያ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ አለቀስኩ።

“የኔ ይሄ ነው” አለ ዌንዴል።

ቀድሞ ያጨበጨበው ብራይስ ነው። “ሰማችሁ? እንዲህ ያለውን እጅ ነው ያቃናነው! ከዚህ ወዲያ ምን ማስታወቂያ አለ?” አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሥዕሉን ያየ ማን እንደ ነበር እንጃ።

አላባረሩትም። ኮሊንም ሕክምናዋን ቀጠለች። የሚደብቀው ስላልነበረው ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ ነው አሉት፤ መድኃኒቱም ሠራለት። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ የሞላ ስኒ በአንድ እጁ ይዞ፣ “እዪኝ፣ ጠብ አላለም!” ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ።

ከዚያ ሁለተኛው ቪዲዮ ታዘዘ። በአንድ ወገን የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በሌላው ወገን የጠራ መስመር። መጋዘኑም ካይልም እነዚያው ናቸው። ዌንዴል ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ አልተንቀጠቀጠም።

“እንደገና” አለ ካይል። እንደገና ሳለ። “ምነው ተረጋጋ? እንደዚያን ቀን አድርገው እንጂ!”

“መድኃኒቱ ሠርቶለት ነው” አልኩ። “ተወው፣ መንቀጥቀጡን እኔ እጨምርበታለሁ።”

“አይሆንም። በሽታን አስመስሎ ማሳየት ያስከስሳል ብሏል ሕግ ክፍሉ። ይሄኛው እውነት መሆን አለበት። ካልሆነ ብራይስ ሌላ በሽተኛ ፈልጉ ብሎኛል፤ ዌንዴልን ሥራው ላይ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው ብሏል።”

ዌንዴል እጁን ገልብጦ አየው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

“ነገ መድኃኒቴን ሳልውጥ ብመጣ ይበቃል?”

“ከቻልክ ሁለት ቀን ተወው” አለ ካይል፤ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ።

“እሺ” አለ ዌንዴል። ኮቱን ሲለብስ ወደ እኔ ዞረና፣ “ለኮሊን እንዳትነግሪያት” አለኝ።