ሃያ አራተኛው ሰው

በ1937 ዓ.ም. በጋ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ መቀሌ እንደሚገቡ ተነገረ። ከተማው ውስጥ ከሰፈረው ጦር ሃያ አራት ሰው ለክብር ዘብ እንዲመረጥም ታዘዘ። መስፈርቱ በወረቀት ተጽፎ መጣ፦ ቁመቱ ግድግዳው ላይ ከተሰመረው መስመር ያላነሰ፣ ፊቱ ጠባሳ የሌለበት፣ ጥርሱ ያልወለቀ፣ አካሉ እስከ ጣቱ የተሟላ። ጸሐፊው ወታደሩን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ እያስጠጋ ለካ፤ አፍ እያስከፈተ አየ። እጅ ግን አላየም። ተጠንቀቅ ብሎ የቆመ ሰው እጁን ስለሚጨብጥ ነገሩ ከጸሐፊው ዓይን አመለጠ።

አስር አለቃ ታመነ ያለፈው በዚህ ነው። ታመነ የመንዝ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ማይጨው ላይ የቦምብ ፍንጣሪ ከግራ እጁ ሁለት ጣት ወስዶበታል፤ ትንሿንና አጠገቧ ያለችውን። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ወታደር ቢሆንም ኮርቻና ብርድ ልብስ የሚጠብቅ የዕቃ ቤት ሰው አደረጉት። ወደ ጦርነቱ ሲሄድ በሰልፍና በእልልታ ነበር የተሸኘው። ሲመለስ ግን ጦሩ ተበትኖ ብቻውን፣ በእግሩ፣ የተቀበለው ሰው ሳይኖር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ሻምበል ረታ ከአዲስ አበባ አንድ ሣጥን ነጭ ጓንት አስጭነው ደረሱ። “ከነገ ጀምሮ በጓንት ነው የምትለማመዱት፤ እጃችሁ ይልመደው” አሉ። ታመነ የደረሰውን ጓንት ኪሱ ከትቶ በቀጥታ ወደ ዘሃራ ቤት ሄደ።

ዘሃራ ከወሎ የመጣች ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። የዘቡን ካኪ ኮት የምትሰፋው እሷ ነበረች። ታመነ ጓንቱን አጥልቆ እጁን ዘረጋላት። ሁለቱ ጣቶች እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠለጠሉ።

“እትዬ ዘሃራ፣ የሚያየው ሰው ሁሉ ጣት ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግ ይቻልዎታል?”

“ቢያውቁብህስ?”

“ካወቁ አወቁ።”

ጥጥ ጠቀጠቀችበት። ጥጡ ብቻ ሲልፈሰፈስ ጊዜ መሐሉ ላይ ቀጭን ሽቦ አስገብታ ጠመንጃ ላይ እንዲያርፍ አጎበጠችው። ታመነ ሁለቴ ሦስቴ የበሩን መወርወሪያ እየጨበጠ ሞከረው። “ወላሂ፣ እኔም አላውቀው” አለች።

ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ተለማመዱ። ቀበቶው በጀሶ ይነጣል፤ የነሐሱ ቁልፍ በአመድ ይወለወላል፤ ገምባሌው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ሳይዛነፍ ይጠቀለላል። በጠመንጃ ሰላምታ ታመነን የሚያህል አልተገኘም። ሻምበሉ ሌሎቹን “እሱን እዩ” ይሏቸው ነበር።

እንግዳው ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀር የመጨረሻው ፍተሻ ሆነ። ጢም ታየ፣ ኮሌታ ታየ። ከዚያ ሻምበሉ “ጓንት አውልቁ፤ ጥፍር አያለሁ” አሉ።

ታመነ አወለቀ።

ሻምበሉ እጁን አዩ፤ ጓንቱንም ተቀብለው ሽቦውን ዳሰሱት። “የት ቀረ?”

“ማይጨው፣ ጌታዬ።”

“መስፈርቱን አታውቅም?”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“አንድ ቀን ብቻ ሰልፍ ላይ ልቁም ብዬ ነው።”

ሻምበሉ ጓንቱን መለሱለት። “ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥህ የለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አንተን ካሳለፍኩ፣ ጥርሱ ወልቋል ተብሎ የተመለሰውን ሰው ምን እለዋለሁ?”

ታመነ ጓንቱን ኪሱ ከተተ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ከሰልፉ ወጣ።

በቦታው ተጠባባቂው ፈንታሁን ገባ። ቁመቱ ከመስመሩ ቢደርስም ትከሻው ጠባብ ስለነበር የታመነ ኮት ሰፋው። ታመነ ኮቱን ታቅፎ ወደ ዘሃራ ቤት ተመለሰ።

“ምነው፣ ተቀደደ?”

“አልተቀደደም። ለሌላ ሰው ያጥብቡልኝ።”

ዘሃራ ነገሩ ገባት። “አንተው ራስህ ይዘኸው መጣህ? ሌላ ሰው አይልኩም ነበር?”

“ነገ ጠዋት ነው እኮ። የልጁን ትከሻ ለክቼ የመጣሁት እኔ ነኝ።”

መቀሷን አንስታ ስፌቱን መተርተር ጀመረች። “አብሽር ወንድሜ” አለች።

ማምሻውን ታመነ ፈንታሁንን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ወስዶ አስጠናው። ልጁ አንገቱን ደፋ። “አስር አለቃ፣ ቦታዎን ወሰድኩብዎት።”

“ቦታው የኔ አልነበረም፤ ደብቄ ነው የገባሁት። አሁን ስማኝ። ሲያቆሙህ ጉልበትህን አታክርር፤ ደሙ ይቆምና ትወድቃለህ። ጫማህ ውስጥ ጣትህን አንቀሳቅስ፤ ማንም አያይህም።”

በማግስቱ ዘቡ ከቤተ መንግሥቱ በታች በሁለት ረድፍ ቆመ። እንግዳው ግን በሰዓታቸው አልመጡም፤ አላጄ ላይ የመኪናቸው ጎማ ፈንድቶ ኖሯል። ፀሐይዋ ከረረች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ታመነ ከሕዝቡ መሐል፣ ከዘሃራ አጠገብ ቆሞ ፈንታሁንን ብቻ ያያል። የልጁ ከንፈር ነጣ፤ ትከሻው ትንሽ ተወዛወዘ። ታመነ ዓይኑን ወደ ልጁ እግር ጣለ። ወዲያው የልጁ ጫማ አፍንጫ ላይ ቆዳው ሲጨማደድ፣ ሲላላ፣ እንደገና ሲጨማደድ አየ።

“አጆኹም ደቀይ!” አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላ፤ አይዟችሁ ልጆቼ ማለታቸው ነው።

መኪናው ብቅ አለ። ሻምበሉ አዘዙ፤ ሃያ አራት ጠመንጃ በአንድ ድምፅ ተነሳ። የታመነም እጅ ሳያዘው ከጎኑ ተነስቶ ደረቱ ጋ ደረሰ። ዘሃራ አይታ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ታመነ ቀናም፣ ደስም አለው፤ የትኛው እንደበለጠበት ራሱም አላወቀም።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ ሻምበሉ ዕቃ ቤት ድረስ መጡ። “ልጁን ያስጠናኸው አንተ ነህ አሉ።”

“አዎ ጌታዬ።”

“እኔ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ለአዲሶቹ ወታደሮች አሠልጣኝ አንተ እንድትሆን ጽፌልሃለሁ። ለዚያ የጣት መስፈርት የለም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረክብ።”

ሰኞ ጠዋት ሃያ የሚሆኑ የእንደርታ ልጆች ሜዳው ላይ ጠበቁት። ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። ታመነ ከገበያ በለቃቀመው ትግርኛ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሊያዛቸው ሞከረ፤ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ስቀው እስኪወጣላቸው ጠበቀ። ከዚያ መጀመሪያ የሳቀውን ወደ ፊት ጠርቶ፣ “በል፣ በትክክል እንዴት እንደሚባል አንተ አስተምረኝ” አለው።