ኮሌታ ብቻ

በዚያ የልብስ ፋብሪካ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም። የሚሰፋው ነገር ስሙ ነው። ኪስ የምትሰፋዋ ኪስ ናት፣ ቁልፍ የሚተክለው ቁልፍ ነው፣ እጅጌ የምትገጥመዋም እጅጌ ናት። "ቁልፍና እጅጌ ተጋቡ" ተብሎ ሲወራ ማንም አልሳቀም፤ የሳቀው አዲስ የመጣ ዘበኛ ብቻ ነው፣ እሱም ውሎ አድሮ ለመደው።

ይቺ ሴት ኮሌታ ናት። ጠጉሯ ገና ጥቁር ሳለ መጥታ መስኮቱ ስር ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ዱካውም አልተቀየረ፣ እሷም አልተነሳች። ጨርቁ ከመቁረጫ ክፍል ተቆርጦ፣ በእስር በእስር ሆኖ ይመጣላታል። ሁለቱን ፊት ታጋጥማለች፣ ትሰፋለች፣ ትገለብጣለች፣ ጫፉን በሹል እንጨት ገፋ አድርጋ ታወጣለች፣ ከላይ አንዴ ትደግምበትና በስተቀኟ ካለው ቅርጫት ትወረውራለች። ከዚያ ወዲያ ሸሚዙ ማን ትከሻ ላይ እንደሚወጣ ጉዳይዋ አይደለም። ኮሌታው ግን ኮሌታ ነው። ሁለቱ ጫፎች መንታ ይመስላሉ። ጥራት የሚያይ ሰው የእሷን ቅርጫት ሳይፈትሽ ያልፈዋል፤ ቢፈትሽም ታኮርፋለች።

አንድ ቀን አለቃው ማሽኖቹን አስቁሞ ሰበሰባቸውና ኮሌታ በራሱ የሚሰፋ መኪና ሊመጣ መሆኑን ነገራቸው። የኮሌታ መስመር በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ቀጥሎ ደግሞ የኪስ መስመር ሳይዘጋ አይቀርም። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። ኮሌታን ለብቻዋ ጠርቶ ማሸጊያ ክፍል አንድ ቦታ እንዳስቀረላት ነገራት፤ ሸሚዝ ማጠፍና ፕላስቲክ ውስጥ መክተት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አለው፣ ግን ስራ ነው። እስከ አርብ አስቢበትና ንገሪኝ አላት።

ቤት ገብታ ለልጇ ስትነግራት ልጅቷ ታዝናለች ብላ ጠብቃ ነበር። ልጅቷ የስልክ ፕሮግራም የሚሠራበት ቢሮ ነው የምትውለው። ፊቷ ጭራሽ በራ። ይሄ እድል ነው አለች። እኛ ቢሮ አጃይል የሚባል አሠራር አለ፣ ትልቁን ነገር በአንዴ አንጀምርም፣ ቆራርጠን ትንሽ ትንሹን እንሞክራለን፣ በየሁለት ሳምንቱ ቆም ብለን ምን ሠራ ምን አልሠራ እንላለን፣ ያልሠራውን ጥለን የሠራውን እንይዛለን፤ ሥራ መቀየርም እንደዚያ ነው እያለች እራቱ እስኪቀዘቅዝ አስረዳቻት። ኮሌታ ከግማሹ በላይ አልገባትም። ማሸጊያ ክፍል ገብቼ ጡረታዬን እጠብቃለሁ አለች። ልጅቷም የእናቷ ልጅ ስለሆነች አልተዋትም።

በማግስቱ ከቢሮ የሚለጠፉ ቢጫ ወረቀቶች ይዛ መጣችና የቁምሳጥኑን በር ለሦስት ከፈለችው፤ ሊሠራ የታሰበ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ቁምሳጥኑ ፊት ቆመው ትናንት ምን ሠራሽ፣ ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ፣ ምን ያዘሽ ይባባላሉ። መቀመጥ ክልክል ነው።

"ለምንድነው የማልቀመጠው?" አለች ኮሌታ።

"ወሬ እንዳይረዝም ነው፣ እማ።"

"ወሬ እንዳይረዝም ከሆነ አንቺ ዝም ብትዪ ይበቃል።"

ግን ቆመች። እሷም እኮ ውስጧ ነገር ነበረው። ዕድሜዋን ሙሉ ኮሌታ ሰፍታ አንድ ቀን እንኳ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ከእጇ ሲወጣ አላየችም። ለማንም ነግራው አታውቅም። ሁለት ሳምንት ብቻ ሞክሪ፣ ካልሆነ እንተወዋለን ስትላት፣ ሁለት ሳምንት ምን ይጎዳኛል አለች በልቧ።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ልጅቷ "ያረጀ ኮሌታ መገልበጥ" ብላ ጻፈች። የጎረቤት ወንዶች አንገቱ የተበላ ሸሚዝ ያመጣሉ፣ ኮሌታ ኮሌታውን ፈትታ ትገለብጠውና ደህናውን ፊት ወደ ውጭ አድርጋ ቤቷ ባለው አሮጌ የእግር መኪና መልሳ ትሰፋዋለች። የሰፈሩ መምህር ሸሚዙን ሲያየው አዲስ የተገዛለት መስሎት ሚስቱን አመሰገነ፤ ሚስቲቱም ዝም ብላ ተመሰገነች። ወሬው ዞረ። ከፋብሪካ መልስ በር የሚያንኳኳ ሰው በዛ። ልጅቷ ወረቀቱን አንስታ "ያለቀ" የሚለው ስር ስትለጥፈው አጨበጨበች። ኮሌታ አላጨበጨበችም፣ ግን እንጀራ እናት እንዳሳደገቻት፣ ምስጋና እንዳልለመደች ልጅ ጭብጨባው ሆዷን አባባው።

አርብ ደረሰ። አለቃው በመስመሩ መሀል እየሄደ አጠገቧ ቆመና ማሸጊያውን ምን አልሽ አላት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እሺ ልትል ነበር ከቤት የተነሳችው። ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

"ለሌላ ሰው ስጠው። እኔ የራሴን እሠራለሁ።"

ከጀርባዋ የምትቀመጠው ኪስ ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት። ከሁለት ወንበር ወዲያ ያለው ቁልፍ "ኮሌታ ነጋዴ ሆነች፣ ቁልፍ ሲጠፋብሽ አስቢኝ" ብሎ ሰው አሳቀ። አለቃው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አንዴ የተናገረችውን የምትመልስ ሴት አይደለችም፤ ለዚህ ነው እንግዲህ ዱካዋ ላይ ያን ያህል የተቀመጠችው። እርግጠኛ ነኝ አለች።

በዚያው ሰሞን ከነኮሌታ ቤት ጀርባ የሚኖሩት ሲስተር ጨርቅ ይዘው መጡ። ሲስተር ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲሠሩ የኖሩ ነርስ ናቸው፣ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በመርፌ ያስለቀሱ። ጡረታ ሊወጡ ነው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ይሸኟቸዋል። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ካፊያ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ አለው። በመርከብ ይሠራ የነበረው ወንድማቸው ነው ያመጣላቸው፣ እሱም ከሞተ ቆይቷል። ለዛሬ ለነገ ሲሉ ሳያሰፉት ኖሩ።

"ቀሚስ አድርጊልኝ፣ ኮሌታ ያለው" አሉ። "ኮሌታውን ነው የማምነው።"

ኮሌታ እኔ እንኳን ብላ ጀምራ ነበር። ልጅቷ ቀደመቻትና ትሠራዋለች፣ ሲስተር፣ ምንም አያስቡ አለች። ሲስተር መርቀው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ኮሌታ ልጇ ላይ ዞረች።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ በሕይወቴ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።"

"እማ፣ ከምቾት ቀጠና መውጣት ማለት ይሄ ነው እኮ።"

"የምን ምቾት? ያ ዱካ ወገቤን ሲበላው ነው የኖረው።"

"የለመድሽው ማለቴ ነው። ትንሽ ትሳሳቻለሽ፣ ታስተካክያለሽ፣ ይኸው ነው። እኛ በየቀኑ ነው የምንሳሳተው። ማታ እንመልሰዋለን።"

ኮሌታ ጨርቁን በእጇ ይዛ ብዙ አሰበች። መመለስ ትችል ነበር። ሲስተርን ተከትላ ሄዳ እኔ አልችልም፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይውሰዱት ብትል ማን ይገድላታል። ግን አለቃው ፊት የራሴን እሠራለሁ ብላለች። የራሷን የምትሠራ ሴት ደግሞ ቀሚስ አልችልም አትልም።

ከኮሌታው ጀመረች። አንድ የፋብሪካ ኮሌታ ፈትታ ጨርቁ ጠርዝ ላይ አነጠፈችው፣ በጠመኔ ዞረችበት፣ በመስመሩ ቆረጠችና ሰፋችው። ሲያልቅ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። እውነትም ያምራል። ኮሌታም መቀሱ የሚፈራውን ያህል እንዳልሆነ ታያት። ቀሚሱን ደግሞ እንደዚያው አደረገች። ሲስተርን በሜትር ለካች፤ ደረታቸውን፣ ወገባቸውን፣ ዳሌያቸውን። ወለሉን ወልውላ ጨርቁን ዘረጋች፣ የለካችውን በጠመኔ አሰመረች፣ ደግማ ለካች፣ እንዳይወላገድ ትንፋሿን ይዛ መስመሩን ተከትላ ቆረጠች። እንደ ምላጭ የቀና አቆራረጥ ነበር። ከዚያ መኪናው ላይ ተቀምጣ እጇ እንደለመደው ከጠርዙ አንድ ጣት ገባ እያለች ገጣጠመችው።

ሲስተር ሊለኩት መጡ። ቀሚሱ በትከሻቸው ወረደ፣ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳብ አደረጉት። አልሄደም። ኮሌታ ከኋላቸው ቆማ ሁለቱን ጠርዝ ልታገናኝ ብትል መሀል ላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ያኔ ነው የገባት። ፋብሪካ ውስጥ ቆራጮቹ በየጠርዙ ለስፌት የሚሆን አንድ ጣት ትርፍ ትተው ነው የሚቆርጡት። የፈታችው ኮሌታም ትርፉ በውስጡ ነበር፣ ስለዚህ ልክ መጣ። እሷ ያቺን ትርፍ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋባት ኖራ ማን እንደሚተውላት አንድም ቀን አልጠየቀችም። የሲስተርን ሰውነት ለካች፣ በልኩ ቆረጠች፣ ከልኩ ላይ ደግሞ ሰፋችበት።

"ወፍሬ ይሆናል" አሉ ሲስተር።

"አልወፈሩም፣ ሲስተር። እኔ ነኝ።"

ሲስተር ቀሚሱን አውልቀው፣ የድሮ ልብሳቸውን ለብሰው ቆለፉ። ከዚያ ኮሌታውን በጣታቸው ዳበሱት። ኮሌታው ቆንጆ ነው አሉና ጨርቁን ሳይወስዱ ሄዱ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ልጅቷ ከቢሮ ስትመጣ ቀሚሱ አልጋው ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ሁሉንም ሰማች። ከጎኑ ሌላ ጨርቅ ቢገባበትስ አለች፤ ኮሌታ ሞክራው ነበር፣ ያ ሰማያዊ ከሌላ ሰማያዊ አጠገብ ሲሆን የተጣፈ ከረጢት ይመስላል። ልጅቷ ስልኳ ላይ ተመሳሳይ ጨርቅ ፈለገች። የለም። ተነስታ የጨርቅ ሱቆቹን ዞረች። አንዱ ባለሱቅ ይሄማ ከቀረ ስንት ጊዜው ብሎ ሳቀባት። ተመልሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንደ ደንቡ መቆም ነበረባት።

"እሺ እማ" አለች ቀስ ብላ። "ከዚህ ምን ተማርን እንበልና..."

"እኔ ተምሬያለሁ። ጨርቁ ግን ተቆርጧል።"

 በልጅቷ ቢሮ ለሁሉም ጥያቄ የሚሆን ቃል አለ፣ ለዚህ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አለችና አለቀሰች። ኮሌታ ዝም በይ አለቻት። ልጅቷን ልታጽናና አልነበረም። ሙሉ ልብስ ከእጇ ሲወጣ ማየት የፈለገችው ራሷ ናት፣ ልጅቷማ በሩን ብቻ ነው የገፋችው። ይህን ግን መናገር አቃታት።

ወሩ ሲያልቅ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ኮሌታ ፋብሪካ እንደገባች ወደ ዱካዋ ሳትሄድ በቀጥታ አለቃው ክፍል ገባች። የሰፈር ኮሌታ መገልበጥ ብቻውን ቤት እንደማያቆም ገብቷት ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ማሸጊያውን ስጠኝ አለችው። ሰው ለምና የምታውቅ ሴት ስላልሆነች ልመናዋ ትእዛዝ ይመስል ነበር።

አለቃው እርሳሱን አስቀመጠ። ለሌላ ስጠው አልሽኝ፣ እኔም ሰጠሁት አላት። ለማን ስትለው ለኪስ አለ። እሷም መስመሯ ሊዘጋ ነው፣ ሦስት ልጅ አላት፣ የዚያኑ ቀን መጥታ ለመነችኝ። ሌላ ቦታ የለኝም። የኔም ወንበር ከመጪው ወር በኋላ እዚህ ስለመኖሩ የነገረኝ ሰው የለም። ይህን ያለው እንዲያዝኑለት ብሎ አይደለም፤ እውነት ነው የነገራት።

ከክፍሉ ስትወጣ ኪስ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። እነዚህ ሁለት ሴቶች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ልጅ ወልደዋል፣ እናት ቀብረዋል፣ ምሳ ተካፍለዋል።

"ኮሌታዬ፣ ልተውልሽ እንዴ?"

"ተዪው ብልሽ ትተዪዋለሽ?"

ኪስ መሬት መሬቱን አየች።

"እንግዲያው አትጠይቂኝ" አለች ኮሌታ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም።

ሄዳ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ያልተሰፋ አንድ እስር ቀርቷት ነበርና ፈታችው። የምትሄድበት ሌላ ቦታ አልነበራትም፣ እጇም ባዶ መሆን አልቻለም። ሁለቱን ፊት አጋጠመች፣ ሰፋች፣ ገለበጠች፣ ጫፉን አወጣች። አንዱን ጨርሳ ወረወረች። ሁለተኛውን ስትጀምር መኪናው ድምፁን አጥፍቶ ቆመ። ፔዳሉን ረገጠችው። ደግማ ረገጠችው።

ሁለት ቴክኒሻኖች መፍቻ ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። መስመሩን አጥፍተነዋል፣ እናቴ፣ ይቺን ልናነሳት ነው አላት አንደኛው፤ በትሕትና ነው የተናገረው። ይቺን እስር ልጨርስ አለችው። ኮሌታው ካሁን በኋላ አያስፈልግም አላት። ጥሎባት እልኸኛ ናትና ትንሽ እንደተቀመጠች ቆየች። ሰውየው አልገፋትም፣ አልጮኸባትም፣ ዝም ብሎ ጠበቃት። የሚጠብቅ ሰው ላይ ደግሞ መቆጣት አይቻልም። ተነሳች።

ብሎኑን ፈቱ። መኪናዋ ከጠረጴዛዋ ስትላቀቅ ከስር ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ የክር ብናኝ ረገፈ። ሊያወጧት ሲሉ ከግድግዳው የመጣው ገመድ መንገዱን ያዘባቸው። እናቴ፣ እስቲ ይሄን ከፍ አድርገው ይያዙልን አሏት። ያዘች። እጇን ከራሷ በላይ አድርጋ ገመዱን አነሳችላቸው፣ እነሱም ጎንበስ ብለው መኪናዋን ተሸክመው በስሩ አለፉ፣ በረጅሙ መተላለፊያ ሄዱ፣ በበሩ ወጡ። ሌላው መስመር እየሰፋ ነው፤ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ኮሌታ ገመዱን እንደያዘች ቆማለች። ልቀቂው ያላት ሰው የለም፣ የት እንደምታስቀምጠውም አላወቀችም።