አምሮ ተጣበቀ

አባቴ ወደ በርበሬ ማሳው በመንደሩ መግቢያ በኩል ቢሄድ ቅርቡ ነበር። እሱ ግን የእጅ ትራክተሩን እያንኳኳ በግድቡ ዞሮ ይሄዳል። ነዳጅ ያልቃል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ግን ይዞራል። ምክንያቱን የማያውቅ የመንደር ሰው አልነበረም። መግቢያው ላይ በቆሙት ሁለት የመብራት ምሰሶዎች መሀል ባነር ተሰቅሏል፦ «እንኳን ደስ አላችሁ! የፒዮ ማንሱ ሁለተኛ ልጅ ፒዮ ሃሪም የመንግሥት ሠራተኞችን ፈተና አለፈች።»

ጋሼ ማንሱ ጎረቤታችን ነው፣ አጥር እንጋራለን። ከአባቴ ጋር አፈር ፈጭተው ውሃ ተራጭተው ያደጉ ናቸው። የማንሱ በርበሬ ቀድሞ ሲቀላ የአባቴ ቆሽት ያራል። ማንሱ ቴሌቪዥን ሲቀይር፣ እስከዚያ ቀን ደህና የነበረው የእኛ ቴሌቪዥን ዓይን ያማል ይባላል። የማንሱ ውሻ ከእኛ ውሻ የተሻለ ይጮሃል ብሎ ሲበሳጭም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንሱ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀል ነበር። «አይዞህ ቹንሲክ፣ የዶጁንም ቀን ይመጣል» ይለዋል። ያን ቀን አባቴ ራት አይበላም።

ዶጁን ታናሽ ወንድሜ ነው። ሴኡል ውስጥ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ በምትይዝ ክፍል ተቀምጦ ለዚያው ፈተና ሲያጠና ዓመታት ነጎዱ። በደወለ ቁጥር አባቴ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳው ሃሪምን ነው። ሃሪም ለአባቷ ጫማ ገዛችለት፣ ሃሪም አለቃዋ አመሰገናት፣ ሃሪም እንዲህ፣ ሃሪም እንዲያ። እኔን ግን ከማንም ጋር አወዳድሮኝ አያውቅም። ትዳሬ ፈርሶ ሻንጣዬን ይዤ ስመለስ እንኳ «በርበሬው አልተለቀመም» ብቻ ነው ያለኝ። ድሮ ይሄ ያስለቅሰኝ ነበር። ዶጁን ስልኩን እየዘጋ ሲጠፋ ሳይ ነው ዕድለኛ መሆኔ የገባኝ።

እኛ ዘንድ ፈተና ያለፈ ሰው «ተጣበቀ» ይባላል፣ የወደቀ ደግሞ «አዳለጠው»። ስለዚህ ተፈታኝ ባለበት ቤት የሚያሙለጨልጭ ነገር አይቀርብም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የባሕር ቅጠል ሾርባ። ችግሩ ልደት ያለዚያ ሾርባ ልደት አይባልም። አባቴ ለልጁ ሲል በገዛ ልደቱ እንኳ ሾርባውን ከቤት አገደ። በየዓመቱ ሩዙን በኪምቺ፣ በኮምጣጣው ጎመን፣ እየዋጠ ያረጃል። እስቅበታለሁ እንጂ ፍቅር መሆኑ አልጠፋኝም።

የበርበሬ ለቀማው ሊያልቅ ሲል ዶጁን ደወለለት። አባቴ ትራክተሩ ላይ ነበር፣ ሞተሩን አላጠፋም። ልጁ ብዙ ተናግሯል፤ እሱ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የሰማው የመጨረሻዋን ነው፦ «ተጣበቀ፣ አባዬ! አምሮ ተጣበቀ!» ቋንቋችን ደግሞ ባለቤቱን መዋጥ ይወዳል። እኔ ተጣበቅኩም ሆነ እሱ ተጣበቀ፣ በአንድ ቃል ነው የሚባለው። አባቴ ትራክተሩን ማሳው መሀል ትቶ እየሮጠ መጣ።

«ሚሱክ! ተጣበቀ! ወንድምሽ ተጣበቀ! ሾርባውን ጣጂ!»

«የቱን ሾርባ?»

«የቱን ትለኛለች ደግሞ! የባሕር ቅጠሉን ነዋ! የስንት ዓመት ልደቴን ዛሬ ልብላው!»

ባነሩ ከማንሱ ባነር በክንድ ሰፋ ብሎ ታዘዘ። በመንደራችን አንድ ባነር የሚወርደው ሌላ ሲመጣ ነው፤ የአሮጌው ሽቦ ግን ዝጎ አልፈታ አለ። አባቴ «ተዉት፣ ከላዩ ስቀሉት!» ብሎ ጮኸ። በሃሪም ስም ላይ የልጁ ስም ሲዘረጋ ልቡ ቅቤ ጠጣ። መሰላሉን የያዘው ጋሼ ማንሱ ነበር። ከአባቴ በልጦ ሲስቅ ሳየው፣ ይሄን ሰውዬ እግዜር እንዴት ያለ ልብ ነው የሰጠው ብዬ ተገረምኩ።

አመሻሽ ላይ ለዶጁን ደወልኩ።

«እንኳን ደስ ያለህ ጌታዬ! ለእህትህ መንገር ከብዶህ ነው?»

«ነገረሽ እንዴ፣ እትዬ? ተናደደ?»

«ምን ያናድደዋል? ባነር ሰቀለልህ እኮ!»

«የምን ባነር?»

ነገርኩት።  

«እኔ እኮ ያልኩት ኮርኒሱን ነው።»

ጥናቱን ካቆመ ከርሟል። ከክረምት ጀምሮ አዳዲስ ፎቆች ውስጥ የግድግዳ ወረቀት ይለጥፋል። ያን ቀን አሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርኒስ ለብቻው ሰጠው። ኮርኒስ ማለት የሥራው ፈተና ነው፤ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። የእሱ ግን አንዲት እጥፋት አልነበረውም። ደስታው ድፍረት ሰጠውና ለአባቴ ሁሉንም ተናዘዘ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ መጨረሻ ላይ «አምሮ ተጣበቀ» አለ። ይቅርታውን የሰማው የትራክተሩ ሞተር ነው።

«ስቆ ነበር?» አለኝ።

«ጨፈረ።»

«እንግዲያ ለበዓል አልመጣም። ሥልጠና ገብቷል በይው።»

«እስከ መቼ?»

«ባነሩ እስኪወርድ ነዋ።»

አንጀቴን በላው። ባነሩ እስኪወርድ ሌላ ልጅ ፈተና ማለፍ አለበት፤ መንደራችን ውስጥ ደግሞ ከሽማግሌና ከውሻ በቀር የቀረ ሰው የለም። ወንድሜ ቤቱን ለዘለዓለም አጣ ማለት ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለአባቴ እውነቱን ነገርኩት። ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

«ማን ሰምቷል?» አለኝ።

«እሱ ነው የሚያሳስብህ? ልጅህ ለበዓል አልመጣም ብሏል! ሥልጠና ገብቷል በሉ ይላል።»

«ሥልጠና...» አሰበ። «ደግ ብሏል። እንደዚያ እንላለን።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለአባቴ ነው። ተነስቶ ወደ መንደሩ አዳራሽ ሄደ። እዚያ ከትናንቱ ባነር ወዲህ የክብሩ ቦታ የእሱ ሆኗል፣ ሰው ሁሉ በሁለት እጁ ይቀዳለታል። 

ቹሶክ በሚባለው የመኸር በዓላችን ዋዜማ ማለዳ መሰላልና መቀስ ይዤ መግቢያው ጋ ሄድኩ። አንዱን ጫፍ ቆርጬ የዶጁን ስም ታጥፎ ሲንጠለጠል፣ ከሥሩ የሃሪም ስም ብቅ አለ። ያኔ መሰላሉ ተነቃነቀ። ጋሼ ማንሱ የመሰላሉን እግር ጨብጧል።

«ሚሱክዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውሸት እያወረድኩ ነዋ! ልጁ አላለፈም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሃሪም ካለፉት ሰዎች መሀል ስሙን ፈልጋ አጥታዋለች። ግን ተይው፣ ስለ ፈጠረሽ። ከሥሩ ያለውን አትግለጪብኝ።»

«የእርስዎ ደግሞ እውነት አይደል እንዴ?»

«ፀደይ ላይ ሥራውን ለቃለች። ቢሮ የሚመጣው ሁሉ ይሰድባታል፣ እንቅልፍ አጣች፣ ፀጉሯ ረገፈ። ነይ ስላት፣ ስሜ በተሰቀለበት በር አልገባም ትለኛለች። ባነሩን ላውርደው ብል ሰው ለምን ይላል። ያባትሽ ባነር ሲሸፍነው ነው እኔ የተነፈስኩት።»

መሰላሉ ላይ እንደተንጠለጠልኩ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። አባቴ በግድቡ የሚዞረው ይሄን ላለማየት ነበር! ይህን ሰው ነበር የሚቀናበት!

«ጋሼ፣ መሰላሉን አጥብቀው ይያዙልኝ» አልኩት። ሁለቱንም ቆረጥኳቸው።

ምሰሶዎቹ ባዶ ናቸው ስለው ዶጁን በከሰዓቱ አውቶቡስ መጣ። አባቴ ወሬውን ሰምቶ አልጮኸም። ራት ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ፣ ማንኪያ አላነሳም። አባት ማንኪያ ሳያነሳ ልጅ አይበላም፤ ዶጁን አንገቱን ደፍቶ የሚቀዘቅዘውን ሾርባ ያያል። የባሕር ቅጠሉን ነበር የሠራሁት። ከእንግዲህ ቤታችን ውስጥ የሚያዳልጠው የለም ብዬ።

ጋሼ ማንሱ የሶጁ አረቄ ይዞ ሳያንኳኳ ገባና ከአባቴ ፊት ተቀመጠ።

«ቹንሲክ፣ ዙርና ስማኝ። የእኔዋም ለቃዋለች።»

ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ዘረዘረው፣ የፀጉሯን እንኳ ሳያስቀር። ማንም አላስገደደውም። ለጓደኛው ይዞ የመጣው ስጦታ ይሄ ነበር፣ የገዛ ልጁ ውድቀት።

አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። «ከፀደይ ጀምሮ?» አለ። «አይ ምስኪን! አይ ሃሪም!» ድምፁ ያዝን ነበር፣ ፊቱ ግን በራ። ትከሻው ተፈታ፣ ማንኪያውን አነሳ፣ ሾርባውን ማግ ማግ አድርጎ «ብላ እንጂ ዶጁን! ምን ትጠብቃለህ?» አለ። አፈርኩበት፣ አባቴ ባይሆን ብዬ ተመኘሁ። ጋሼ ማንሱም አይቶታል፤ ዓይኑን ወደ ብርጭቆው መልሶ መቅዳቱን ቀጠለ። ዶጁን ማንኪያውን አንድ ጊዜ አፉ አድርሶ መልሶ አስቀመጠው።

በበዓሉ ማግስት ዶጁን ዝናብ ያበላሸውን የአባቴን ክፍል ኮርኒስ ሊለጥፍ ተነሳ። አባቴ ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ሲያየው ዋለ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ አዲስ አንሶላ ተወጠረ፣ አንዲት እጥፋት አልነበረውም።

«አምሮ ተጣብቋል» አለ አባቴ።

ዶጁን መሰላሉ ላይ ብሩሹን አቁሞ ቀረ።  ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ነበረች።

«የማንሱ ቤት» አለ አባቴ፣ እጁን ከጭንቅላቱ ሥር አድርጎ፣ «እንዲህ ያለ ኮርኒስ የለውም።»

ዶጁን ወርዶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ብሩሹን ሲያጥብ አጠገቡ ቆምኩ።

«እትዬ» አለኝ፣ «የመጀመሪያዋን ብቻ ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት?»

 የተረፈውን ሙጫና ወረቀት አንስቶ ወደ ጋሼ ማንሱ ቤት ሄደ። አባቴ ከውስጥ፣ «ዶጁን! ከእኛ እንዳታስበልጥለት!» እያለ ይጣራል።