ጥንቸል ቤት ከማስገባትዎ በፊት

ወይዘሮ ጥሩብርሃን በሰው ሀብት ቀንታ አታውቅም። ጎረቤቷ ፎቅ ቢያቆም «ይባረክለት» ትላለች፤ ከልቧ ነው። በመልክም፣ በልብስም፣ በሰው ባልም የቀናችበት ቀን የለም። በአንዲት ነገር ብቻ አትምጡባት፤ በልጅ ልጇ በጊፍቲ። እዚያ ላይ ዓይኗ ደም ይለብሳል።

ደግሞስ ምን ይፈረድባታል? ጊፍቲ የምትኖረው ወሰን ሰፈር፣ ከአባቷ ከጉደታ ጋራዥ ጀርባ ባለው ግቢ ነው። የአባቷ እናት ወይዘሮ አያንቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ናት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትገባው እሷ ጋ፣ መክሰስ የምትበላው እሷ ጋ፣ እንቅልፍ የሚያዳፋት እሷ ጭን ላይ። «አኮ» ትላታለች፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። «አኮ እንዲህ አለች፣ አኮ እንዲህ አደረገች!» ጥሩብርሃን ይህችን ቃል በሰማች ቁጥር አንጀቷ ያርራል። ለእሷ የደረሳት ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድያ ልጇ ጸጋ ጊፍቲን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ አምጥታ ትተውላታለች፤ እሑድ አያትና ልጅ አብረው ቸርች ሄደው ይዘምራሉ፤ ከዚያ ልጅቷ ተመልሳ ወደ አኮ። ሳምንቱ በሙሉ ለዚያችኛዋ፣ ቅዳሜ ለዚህችኛዋ። ይህ ምን ዓይነት ክፍፍል ነው?

ሚሊኒየሙ ካለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ወይዘሮ አያንቱ ራሷ ማንጎ ቋጥራ፣ ዳገቱን እያለከለከች ወጥታ ከች አለች።

«እርስዎን ላማክር ነው የመጣሁት» አለች፣ ሻዩ እስኪቀዳ እንኳ ሳትጠብቅ። «ጊፍቲ ጥንቸል ካልገዛችሁልኝ ብላ ልባችንን አወለቀችው። ጉደታ ከአንድ ደንበኛው አግኝቷል። እኔ ስለ ጥንቸል ምን አውቃለሁ? ላምና በግ ነው ያሳደግሁት። ልጅቷ ‹እማማን ጠይቂያት፣ አባቷ ጥንቸል ያረባ ነበር› አለችኝ። እንግዲህ ቤት ከማስገባቴ በፊት ማወቅ ያለብኝን ይንገሩኝ።»

እውነት ነው። የጥሩብርሃን አባት የፈረንጆች ግቢ አትክልተኛ ነበሩ፤ ለጌቶቻቸው ወጥ ቤት ጥንቸል ያረቡ ነበር፤ እሷም ከጥንቸል ጋር ነው ያደገችው። ይህን የሚያስታውስላት ሰው ከስንት ዘመን በኋላ መገኘቱ ደስ አላት። ምላሷን አሳከካት።

«ይስሙኝማ» አለች ወንበሯን ሳብ አድርጋ። «በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሳት ብሎ ነገር የለም፤ ነውር ነው። በአንድ እጅዎ ደረቷን፣ በአንድ እጅዎ ቂጧን ደግፈው ነው። ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ። ካሮት ካሮት ይላል ሰው፤ ካሮት ለሷ ከረሜላ ነው፣ ትንሽ ብቻ። እንጀራና ዳቦ እንዳያቀምሷት፣ ሆዷ ይነፋና ትሞትብዎታለች። የኤሌክትሪክ ገመድ ካገኘች ትቀረጥፋለች፤ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ውሻ ካለ ደግሞ ከሩቅ ጩኸቱ ብቻ ልቧን ያቆመዋል። አንድ ቀን ሙሉ መብላት ካቆመች ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዷት።»

አያንቱ አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማው። «ወይ ጉድ! ጥንቸል እንዲህ ጣጣ አለባት?» አለች። «ደግነቱ ሳጥኗን የማጽዳቱ ሥራ የጊፍቲ ነው ብያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትንከባከባት ትዋል።»

«ቅዳሜ?»

«ትምህርት የላትማ!» አለች አያንቱ በየዋህነት። «ሽታዋንስ ምን ባደርግ ይሻላል? እኔ ሽታ አልችልም።»

ጥሩብርሃን ሻዩን ጠጣች። ጥንቸል ራሷን በምላሷ የምታጸዳ ፍጥረት ናት፤ ሳጥኗ ከተጠረገ ሽታ የላትም። ገላዋ ውሃ ከገባ ግን ፀጉሯ ቶሎ አይደርቅም፤ ብርዱ ቢስታት ድንጋጤው አይስታትም። ይህን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ነው ያወቀችው።

«በሳምንት አንዴ ሙልጭ አድርጎ ማጠብ ነው» አለች። «በሳሙና።»

ትሙት ብላ አይደለም፤ እንዲያ ነው ለራሷ የነገረችው። ወይ አያንቱን ትቧጭራታለች፣ ወይ ትታመምና «አልቻልናትም» ብለው ይመልሷታል፤ በቃ ይኸው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ጥንቸሏ ገባች፤ ቅዳሜ ወጣች። «እማማ፣ ዛሬ አልመጣም፣ ጥጥዬ ብቻዋን ትሆናለች» ትላለች ጊፍቲ በስልክ። ጥጥዬ! ስምም ወጥቶላታል። አንዱን ቅዳሜ ጥሩብርሃን ለሁለት የሠራችውን ምሳ ብቻዋን በላች። የሚቀጥለውን ሳትበላ ዋለች። በሦስተኛው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ወሰን ወረደች።

ጊፍቲ ግቢው ውስጥ በተነጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር፤ አንዲት ነጭ ጥንቸል ፊቷን እያሸተተች። «እማማ፣ መጣሽ?» አለች ልጅቷ። ቀና እንኳ አላለችም። ጥሩብርሃን ያመጣችውን ብስኩት ይዛ ቆመች። የሰው ልጅ በጥንቸል ይቀናል? ይቀናል እንጂ! ለዚያውም አያት፣ ለዚያውም በዚህ ዕድሜዋ።

አያንቱ እጇን እያደራረቀች ወጣች። «እስካሁን አላጠብኳትም፤ እንዳይቀየሙኝ» አለች። «ዝናቡ መች ፋታ ሰጠን? ብርድ እንዳይመታት ፈራሁ።»

እግዜር በር ሲከፍት እንዲህ ነው። «ይቅር፣ አያስፈልግም» ማለት ምን ይከብዳል? ልትለውም ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ጊዜ ጊፍቲ ብድግ ብላ ሮጠችና አጠገቧ የቆመችውን እማማዋን አልፋ የአያንቱ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። «አኮዬ፣ አየሻት ስታዛጋ? አየሻት?»

ጥሩብርሃን ወደ ሰማይ አየች። ደመናው ገለጥ ብሎ ነበር።

«ዛሬማ ፀሐይ ወጥቷል» አለች።

በማግስቱ ከቸርች ስትመለስ ስልኳ ጮኸ፤ ጸጋ ናት። «እማዬ፣ ጥንቸሏ ሞተች። ትናንት አኮ አጥባት ስትንቀጠቀጥ አድራ ሞተች። ጊፍቲ አኮን ማየት አልፈልግም ብላ ግቢውን በለቅሶ አቀለጠችው። አንቺ ጋ ላምጣት?»

«አምጫት! አሁኑኑ አምጫት!» እውነቱ ይነገር፤ ከዚያ ሁሉ ወሬ ለይታ የሰማችው «ላምጣት?» የሚለውን ብቻ ነው።

ጊፍቲ ዓይኗ አብጦ ገባችና እናቷ ገና ሳትወጣ እማማዋ ጭን ላይ ወጣች። «ሁለተኛ እዚያ አልሄድም» አለች። «አንቺ ጋ ነው የምኖረው። ሁልጊዜ።»

አቤት! ሁልጊዜ! ጥሩብርሃን ፀጉሯን ስትዳብሳት፣ ድንች ስትጠብስላት፣ አልጋዋን ስታነጥፍላት እግሯ መሬት አልነካም። የምትተኛበትን ጎን፣ የምትገባበትን ትምህርት ቤት ሳይቀር አሰበች። አንድ ነገር ግን ይከነክናታል። የእሷ ስም ተነስቶ ይሆን?

«አኮ ምን አለችሽ?» አለች ድምጿን አለስልሳ።

«‹እማማሽ እንዳታጥቢያት ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የረሳሁት› አለች። ከዚያ አለቀሰች። እኔ ግን አላዘንኩላትም።»

 ጥሩብርሃን እፎይ ያለች፣ ያመሰገነችም መስሏችሁ ከሆነ አታውቋትም። ነደደች! አያንቱ ልጅቷን ወሰደች፣ ቅዳሜን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ደግነቱን? እሷ የሰው በደል ተሸክማ የምታለቅስ ጻድቅ፣ እኔ ደግሞ በሷ ምሕረት የምኖር? በጌታ ፊት ቆመን እሷ ትቅደመኝ? በገዛ ኃጢአቴ እንኳ እሷ ትሁን ባለቤቱ? አይሆንም። ሞቼ ነው ቆሜ!

«ዋሽታሻለች» አለች። «እጠቢያት ያልኳት እኔ ነኝ። ጥንቸል እንደማትታጠብ እያወቅሁ።»

ጊፍቲ ቀና ብላ አየቻት። «ለምን?»

«ቀንቼ። ቅዳሜዬን ወሰዱብኝ ብዬ።»

ልጅቷ አልጮኸችም። ከጭኗ ወረደች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች። «አኮ ጋ ውሰጂኝ» አለች።

ታክሲ ውስጥ ጊፍቲ ከሹፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ላይ፣ ከማታውቃት ሴትዮ አጠገብ ተቀመጠች። መገናኛ ላይ ሲወርዱ ጥሩብርሃን እጇን ዘረጋችላት፤ ልጅቷ እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ወሰን ሲደርሱ በሩን የከፈተችው አያንቱ ነበረች፣ በለቅሶ ፊቷ ተልጦ። ጊፍቲ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። «አኮዬ፣ ይቅርታ! ይቅርታ!»

አያንቱ በልጅቷ ራስ ላይ ጥሩብርሃንን አየቻት።

«ነገሯት እንዴ?»

«ነገርኳት።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ፣ ብትሰድባት ስንት በተሻለ! ልጅቷን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ አስገባችና በሩን በጀርባዋ ገጠም አደረገች።

«ምነው እትዬ ጥሩብርሃን?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ እኮ የዋሸሁት ልጅቷ እርስዎን እንዳትጠላ ነው። ቢያንስ ቅዳሜዋ ትቅርልዎት ብዬ።»

ጥሩብርሃን ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ከውስጥ «አኮ! አኮ!» የሚል የልጅቷ ድምፅ ይሰማል። ይህን ልብ ይቺ ሴትዮ ከየት አመጣችው ብላ፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች፣ ቀናችባት።