ሦስት እትብት በአንድ ክር

ሳልቪንግ ከጊማራስ ደሴት በጀልባ ተመልሳ ኢሎኢሎ ወደብ ስትደርስ፣ እንደ ልማዷ ክፉ ክፉውን ስታስብ ነበር የመጣችው። አራሷን እህቴን ሳስታምም የቆየሁት በከንቱ ይሆን? ልጄ ዲዲት በአክስቷ ልጅ ቤት ትኩሳት ይዟት ይሆን? የጋዝ ምድጃውን ዘግቼው ነው የሄድኩት? ከሁሉ ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሯ ላይ የማታውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ጠበቃት።

በመስኮቱ ስንጥቅ አጮለቀች። አልጋዋ የለም፤ በቦታው አዲስ አንሶላ የተነጠፈበት ሌላ አልጋ ገብቷል። ድስቶቿ የሉም። ቁም ሳጥኑም የለም። ቁም ሳጥኑ እንደሌለ ስታይ በሩን በጡጫ ደበደበችው።

ከፎቁ ላይ፣ ሰፈርተኛው ለታላቅነቷ 'ማናንግ' የሚላት የቤቱ ባለቤት ኮንሶርሲያ በመስኮት ብቅ አለች፤ ታናሾቿን 'ኢንዳይ' ብላ በቁልምጫ ትጠራለች።

"መጣሽ እንዴ ኢንዳይ? እህትሽ በደህና ተገላገለች?"

"ማናንግ፣ እኔ ሳልኖር በሬን ከፍተው ገቡ?"

"በርሽ? በሩስ የኔ ነው። ልጄ አርኔል ሊመጣ ነው አሉ። ክፍሉን ለሱ ፈለግሁት። ዕቃሽን መጋዘን አስገብቼልሻለሁ፤ ማንኪያ አልጎደለብሽም።"

"ኪራዬን ከፍዬ እኮ ነው የሄድኩት!"

"እሱን መቼ ካድኩ? ሌላ ክፍል ስታገኚ መጥተሽ ትወስጃለሽ።"

ሳልቪንግ ዲዲት ያለችበት ቤት አድራ በማግስቱ መጣች። ማናንግ ኮንሶርሲያ መጋዘኑን አልከፈተችም። ከዚያም ወዲያ መጣች። "ግድግዳዬን በሚስማር በሳስተሽዋል፤ እስኪጠገን ቁም ሳጥኑ ይቆያል" የሚል አዲስ ነገር ወጣ።

ከቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከኋለኛው ጣውላ ላይ፣ በትንሽ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተሰቅሎ ነበር። ሦስቱ ልጆቿ ሲወለዱ የወደቀውን እትብት፣ እናቷ እንዳደረገችው ሁሉ አድርቃ፣ በአንድ ቀይ ክር አስራ ያኖረችው ነው። እትብታቸው አብሮ የታሰረ ወንድምና እህት የትም ቢበተኑ ልባቸው አይለያይም። ሳልቪንግ ይህን የምታምነው ዝናብ እንደሚያረጥብ በምታምንበት ልክ ነበር። ደግሞም ልጆቿ ተበትነዋል። ኔልማር የጭነት መርከብ ላይ ነው። ማይሊን ሆንግ ኮንግ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። የቀረቻት ዲዲት ብቻ ናት። ሦስቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው የመጨረሻዋን የተጠበሰች ዓሣ የተሻሙበትን ቀን ስታስብ፣ ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣዋን ለደንበኛ እየመዘነች እጇ ይቆማል።

እሁድ እሁድ ግን ሦስቱም በዲዲት ስልክ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። እኔ ልናገር፣ እኔ ልናገር ሲባባሉ እናታቸው ምንም ሳትናገር ያልቃል፤ እሱም ይበቃት ነበር። በሩ በተቆለፈ በሳምንቱ ኔልማር እህቱን ማይሊንን "አንቺማ የሰው ቤት ስታዢ ውለሽ እኛንም ማዘዝ ጀመርሽ" አላት። እሷም "አዛዥ ብሆን ኖሮ የሰው ሽንት ቤት አጥብ ነበር?" ብላ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጠዋት ይደውላል፣ ሌላዋ ከሰዓት ትደውላለች። አንዱ ስለ ሌላው አይጠይቅም።

"ክሩ ተፈትቷል" አለች ሳልቪንግ።

"እማ፣ የተጣሉት እኮ በአፋቸው ነው" አለች ዲዲት።

"አንቺ ዝም በይ! ያንቺም እዚያው ውስጥ ነው ያለው።"

ነገሩ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። የሰፈሩ አዳራሽ ከቅርጫት ኳስ ሜዳው ጎን ስለሆነ፣ ኳሱ ግድግዳውን በመታ ቁጥር ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ዳኝነቱን የያዘው ካፒታን ቴዮ፣ የሰፈሩ ሹም፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ወንበር የሚይዝ ሰው ነው።

ሳልቪንግ መንገድ ላይ የመከረችው ከራሷ ጋር ብቻ ነበር። የምወደውን ከተናገርኩ የምትይዝብኝ እሱን ነው፤ ስለዚህ ስለ ሌላው ሁሉ ልጩህ፣ ስለሱ ግን ትንፍሽ አልልም። እናም ስለ ፍራሹ ጮኸች። ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ሩዝ ድስቱ፣ ክዳኑ ስለጠፋው ቴርሞስ ሳይቀር ጮኸች።

"ማናንግ ኮንሶርሲያ" አለ ካፒታን ቴዮ፣ "ቤቱ ያንቺ ነው፤ ግን ካከራየሽው በኋላ እሷ ሳትፈቅድ በሩን ከፍተሽ መግባት አትችይም። ዕቃዋንም መያዝ አትችይም። ይሄ ሕግ ነው፤ እኔ ያመጣሁት አይደለም።"

"እሺ፣ ትውሰድ! ፍራሹንም ድስቱንም። ያ የበሰበሰ ቁም ሳጥን ብቻ ይቅርልኝ፤ ለግድግዳዬ።"

ካፒታኑ ፊቱ በራ። "ሳልቪንግ፣ ሰማሽ? ምስጥ የበላውን ሣጥን ትተሽላት በሰላም ትለያያላችሁ። ደግሞ እኮ ሌላ ክፍል አግኝተሻል አሉ። ፈርሚና ምሳችንን እንብላ።"

"እማ፣ እሺ በይ" አለች ዲዲት በሹክሹክታ።

እስክሪብቶው እጇ ውስጥ ገባ። ውጭ ኳሱ ግድግዳውን ደለቀ። ሳልቪንግ የኔልማርን የጠዋት ድምፅ፣ የማይሊንን የከሰዓት ድምፅ፣ በመሃላቸው ያለውን ረጅም ዝምታ አሰበች። እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

"ቁም ሳጥኑን ይውሰዱት" አለች። "ውስጡ በቀይ ክር የታሰረ አለ። የልጆቼ እትብት ነው። እሱን ብቻ ይስጡኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማተበ። ማናንግ ኮንሶርሲያ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፤ መልሳም አስተካከለች።

"አግኝቼዋለሁ" አለች።

"ጣሉት?"

"እኔን ምን አድርገሽ ነው የምታይኝ? የሰው እትብት የምጥል አውሬ ነኝ? መጋዘን አይጥ አለ፤ እዚያ እንዲቀር አልፈለግሁም።"

"ታዲያ የት ነው ያለው?"

"ከአርኔል ጋር።"

"ምን?"

"ከአርኔል እትብት ጋር። ብልቃጡ ውስጥ።" ሴትዮዋ ካፒታኑን እንጂ ሳልቪንግን አታይም። "እኔ የወለድኩት አንድ ነው። የሱን ከማን ጋር ልሰረው? ዕድሜ ልኩን ብቻውን ሲንከባለል ኖረ፤ ለዚያም ነው ሄዶ የቀረው። ያንቺን ሳገኝ... ለአንድ ሌሊት ብዬ ነበር። በማግስቱ ደወለ። ሰዎች ይመጣል፣ ታየ ይሉኛል እንጂ በራሱ አፍ ከደወለልኝ ስንት ዓመቱ! 'እናቴ፣ ምን በላሽ?' አለኝ። እንዴት አውጥቼ ልስጥሽ?"

"የርስዎ ሲደውል የኔዎቹ ተኳረፉ!" ሳልቪንግ ሳታውቀው ቆማለች። "ከማያውቁት ሰው ጋር ቀላቀሏቸው! ሳይጠይቁኝ! እንደ በሩ!"

ካፒታን ቴዮ ላቡን ጠረገ። "እኔ ለቁም ሳጥን የተጠራሁ መስሎኝ ነበር" አለ። "ስለ እትብት ሕጉ ምን እንደሚል አላውቅም። ስለ ሰው ዕቃ የሚለውን ግን ነግሬሻለሁ፣ ማናንግ። እትብቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ክፍሉንም ትመልሻለሽ። ዛሬውኑ።"

ብልቃጡ ከቅዱሳን ሥዕል ፊት፣ ከፕላስቲክ አበባ ጎን ነበር። ማናንግ ኮንሶርሲያ ክዳኑን ራሷ ፈታችው። ሳልቪንግ ቀይ ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ጎተተች። አልተፈታም። ሦስቱም እንደታሰሩ ወጡ። አራተኛው፣ ክር የሌለው፣ ብልቃጡ ጠርዝ ላይ ለአፍታ ተንጠለጠለና ተመልሶ ወደቀ። ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ሳልቪንግ ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየችው። የራሷን በጨርቃቸው መልሳ ጠቀለለችና ደረጃው ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ከዛሬ ጀምሮ እኔ ዘንድ ሲመጡ ያንኳኳሉ።"

"አንኳኳለሁ።"

የአርኔል አልጋ ከነአዲሱ አንሶላው ወጣ። ቁም ሳጥኑ ቦታው ተመለሰ፤ ጨርቁም ሚስማሩ ላይ ተሰቀለ። ሳልቪንግ እሁድን እንደ ፈተና ቀን ጠበቀችው። ኔልማር ጠዋት ደወለ፣ ስለ ባሕሩ አወራ፣ ስለ እህቱ ሳይጠይቅ ዘጋ። ከሰዓት ሆነ፤ ማይሊን አልደወለችም። ልጄን አመማት? አሠሪዎቿ ስልኳን ነጠቋት? ወይስ ክሩ ውስጥ ውስጡን በስብሶ ኖሯል?

"ትደውላለች እማ፤ ገና ነው" አለች ዲዲት ከመጽሐፏ ቀና ሳትል።

በሩ ተንኳኳ።

በቀስታ ነበር፤ እንጨቱን የሚያመው ይመስል። ከመንኳኳቱ በፊት ከደረጃው የሰማችውን ኮቴ ሳልቪንግ ለይታ ታውቀዋለች። አልተነሳችም። የበሩን እጀታ እያየች ጠበቀች፤ እጀታው ይዞር እንደሆነ። አልዞረም።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ ኢንዳይ፣ ኮንሶርሲያ። መግባት እችላለሁ?"

ከፈተችላት። ሴትዮዋ ብልቃጡን በፎጣ ሸፍና በሁለት እጇ ይዛለች።

"ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለም" አለች። "እንድታስሪው አይደለም። አጠገባቸው ብቻ ብታስቀምጪልኝ። እሁድ እሁድ። ሲመሽ እወስደዋለሁ።"

ሳልቪንግ መጥፎው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። እንደገና ቢኳረፉስ? ጭራሽ ባይታረቁስ? ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዝም ያለውን ስልክ አየች፤ ብልቃጡን አጥብቆ የያዘውን የሴትዮዋንም እጅ አየች። ማንም አልገፋትም። ጓጉንቸርም የለም። እምቢ ብትል ሴትዮዋ ደረጃውን መውጣቷ ነው።

"ጫማዎን እዚህ ያውልቁ" አለችና ከበሩ ፈቀቅ አለች።

ብልቃጡን ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር አስቀመጠችው። አላስጠጋችውም፤ አላራቀችውም። የቁም ሳጥኑን በር ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ሁለቱ ሴቶች ስልኩን መሃላቸው አድርገው ተቀመጡ። ማናንግ ኮንሶርሲያ የራሷን ስልክ ከጡቷ መሃል አውጥታ ከጎኑ አኖረችው።

"የስልክሽ ባትሪ አልቆ እንዳይሆን" አለች።

"ሙሉ ነው" አለች ሳልቪንግ። "አሁን አይቼዋለሁ።"

ቢሆንም አነሳችና እንደገና አየችው።